ጣናን ለብቻ በካያክ፦ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ስንቅ አሞላልና አቀዛዘፍ

ጣና ላይ ለመቅዘፍ የሚመቸው ሰዓት ከንጋት እስከ ረፋድ ነው። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ይሞቃል፤ ነፋሱም ከውኃው ወደ ዳርቻው መንፈስ ይጀምራል። ከቀትር በኋላ ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ጠዋት መስተዋት የመሰለው ውኃ ነጭ አረፋ ሲተፋ ያገኘዋል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ደንብ አንድ ነው፦ ጠዋቱ ለመቅዘፍ፣ ከሰዓት በኋላው ውኃና ስንቅ ለመሙላት። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

ባሕር ዳርን ከጎርጎራ የሚያገናኘው ቀጥተኛ መስመር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን መስመር ግን ይርሱት። ብቻውን የሚቀዝፍ ሰው መሃል ሐይቅ ላይ ምንም ሥራ የለውም። በዘጌ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ምዕራባዊውን ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የተጫነ ካያክ፣ ማለትም ሰው ተቀምጦ የሚቀዝፈው ጠባብ ጀልባ፣ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በንጋት 12 ሰዓት ተነስተው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ቢወጡ፣ እረፍቱ ተቀንሶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ለስድስት ወይም ለሰባት የመቅዘፊያ ጠዋቶች ያቅዱ፤ ነፋስ አግዶዎት ዳርቻ ለሚውሉበት ጊዜ ደግሞ ሁለት ቀን ይጨምሩ። መመለሻ ቀኑን አስቀድሞ ቆርጦ የሚነሳ ሰው መግባት በሌለበት ሰዓት ውኃ ውስጥ ይገባል።

ከመነሳትዎ በፊት

ወቅቱን ይምረጡ። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ መብረቅና ድንገተኛ ማዕበል ስላለ አይሞከርም። የሐይቁ ውኃ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ብሎ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ሣሩና ደንገሉ ውኃ ውስጥ ስለሚገባ መውጫ ቦታው ይጠፋል። በግንቦት ደግሞ ውኃው ይሸሽና ካያክዎን በጭቃ ላይ መጎተት ይኖርብዎታል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ከሁለቱም ይሻላል።

ጸጥታውን ያጣሩ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግጭት አለ፤ ዛሬ ክፍት የሆነ የዳርቻ መንደር ነገ ላይሆን ይችላል። ባሕር ዳር ያሉ የጀልባ ማኅበራት በየቀኑ ወደ ገዳማቱና ወደ መንደሮቹ ስለሚመላለሱ ከማንም በላይ ወቅታዊውን ያውቃሉ። እነርሱ «አሁን አይሆንም» ካሉ ጉዞውን ያራዝሙት፤ በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም። ሲነሱ መታወቂያና ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በውኃ በማይበገር ከረጢት ይያዙ። በምን ቀን የት እንደሚያድሩ ዘርዝረው ባሕር ዳር ለሚቀር አንድ ታማኝ ሰው ይስጡ። በየምሽቱ ይደውሉለት፤ ድምፅዎን ሳይሰማ ስንት ሰዓት ሲያልፍ ማንን ማነጋገር እንዳለበትም አስቀድመው ይስማሙ።

ካያክ በባሕር ዳር ገበያ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ታጥፎ የሚጓዝ ወይም በአየር የሚነፋ ይዘው ቢመጡ ይቀላል። የሚነፋውን የመረጠ ሰው ነፋስ በቀላሉ እንደሚገፋው ይወቅ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሁልጊዜ ይለበሳል፤ ከመቀመጫ ኋላ የታሰረ ጃኬት ለማንም አይጠቅምም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጉዞውን ሲጀምሩ ወደ ምዕራብ እንጂ ዓባይ ወደሚወጣበት አቅጣጫ አይሂዱ። የሐይቁ መውጫ በጨረጨራ ግድብ የተዘጋ ነው፤ ከዚያ በታች በድንጋይ መካከል የሚጣደፍ ውኃ አለ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 ወንዝ ቀዛፊዎቹ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ ምንጭ ተነስተው ሜዲትራኒያን ባሕር ለመድረስ 114 ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ እነርሱም ቡድን ነበራቸው። ወንዙ የብቻ ጉዞ መለማመጃ አይደለም።

ምን ያህል ስንቅ?

ብዙ ሰው ስንቁን ለሙሉ ጉዞው ጭኖ ይነሳል። ይህ ለጣና አያስፈልግም፤ ክብደቱም ጉዳት አለው፤ የከበደ ካያክ ማዕበል ላይ አይነሳም፣ ዳርቻ ላይም ብቻውን የሆነ ሰው ሊጎትተው አይችልም። የሦስት ቀን ምግብ ይያዙ፤ ሁለቱ የሚበሉት፣ አንዱ የማይነካ መጠባበቂያ። በየመንደሩ የሚሞላው የሁለቱ ቀን ነው። መጠባበቂያው ከተነካ ቀጣዩ መንደር ላይ ቅድሚያ የሚተካው እርሱ ይሆናል።

ምግቡ ምን ይሁን ለሚለው፣ የሀገራችን መንገደኛ መልሱን ካገኘው ቆይቷል። በሶ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ካያክ ላይ እንደተቀመጡ በአንድ ኩባያ ውኃና በትንሽ ማር ይበጠበጣል። ለአንድ ቀን 300 ግራም ያህል በሶ፣ ሁለት እፍኝ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ጥቂት ዳቦ ቆሎ፣ ለማታ ደግሞ ድርቆሽና ሽሮ ይበቃል። ጭኮ ቢጨመር ጉልበቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ በቅቤ የተለወሰው የፍስክ ስለሆነ ለጾም ቀን በዘይት ያስለውሱ። ከውጭ የሚመጣውን በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ የስፖርት ምግብ በተመለከተ፣ በሶን በአሥር እጥፍ ዋጋ የሚበላ ሰው ምርጫው የራሱ ነው።

ሁሉንም በቀን በቀን ከፋፍለው በትንንሽ ላስቲክ ይቋጥሩ። ጠዋት አንዱን ቋጠሮ ብቻ ከፊትዎ ያኑሩ፤ ያ ሲያልቅ የቀኑ ምግብ አልቋል። ብቻውን የሆነ ሰው ሲሰለቸው ይበላል፤ ቋጠሮው ግን አይዋሽም።

ጾምን በሒሳብዎ ያስገቡ፤ እርስዎ ባይጾሙም የሚሸጥልዎት ሰው ይጾማል። ጥሩ ያልነው ወቅት ኅዳር 15 ከሚጀምረው ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል፤ ወደ የካቲት ካዘገሙ ደግሞ ዓቢይ ጾም ይደርሳል። በነዚህ ጊዜያት፣ እንዲሁም በረቡዕና በዓርብ፣ በትንንሽ ምግብ ቤቶች የሚያገኙት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው። ለረጅም ቅዝፊያ ሽሮ መጥፎ ነዳጅ አይደለም።

መንደር ላይ ስንቅ ሲገዙ

ከውኃው ወደ መንደር ሲወጡ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ገበያ መቼ ነው?» የሚል ይሁን፤ የዚያን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም መንደር ገበያ። ከገበያ ቀን ውጭ ትንሽ ሱቅ የሚሸጠው ብስኩት፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙናና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው። በገበያ ቀን ግን ቆሎው፣ ማሩ፣ ሎሚው፣ ሙዙና ትኩስ ዳቦው ሁሉ ይገኛል። አንድ ቀን ቆይቶ ገበያ መጠበቅ ብዙውን ጊዜ ያዋጣል።

ዝርዝር ብር ይያዙ፤ የሐምሳና የመቶ ብር ኖቶች። በቴሌብር መክፈል በከተሞቹ ይቻላል፤ ኔትወርኩ ግን በየመንደሩ አይታመንም። ለጋዝ ምድጃ የሚሆን የታሸገ ጋዝ በዳርቻው አይፈልጉ፤ በሶ የሚበላ ሰው እሳት የሚያስፈልገው ለማታ ብቻ ስለሆነ ትንሽ የከሰል ምድጃ ወይም የላምባ ምድጃ ይበቃዋል።

መንደር በሌለበት ቦታ የሚሸጥ ነገር ባይኖርም ሰው አለ። ወደ አንድ ቤት ሲቀርቡ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጣሩ፤ ውሻው ከባለቤቱ ቀድሞ እንዳያገኝዎት። ሽማግሌውን «አባቴ»፣ እናቲቱን «እናቴ» ብለው፣ ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ሳይጠየቁ ይናገሩ። «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለ ሰው በዚህ አገር ሜዳ ላይ አይጣልም። ለቀረበልዎት እንጀራ ገንዘብ ማውጣት ያሳፍራቸዋል፤ ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ቡናና ስኳር ለዚሁ ብለው ለይተው ይያዙ። ከገዳም ሲደርሱ መነኩሴውን «አባ»፣ መነኩሲቷን «እማሆይ» ይበሉ፤ ጫማ ይወልቃል፣ ድምፅ ይቀንሳል።

ለሴት ቀዛፊ አንድ ቁም ነገር፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ደሴቶች ናቸው። በካርታ ላይ ቅርብ ስለሆኑ ብቻ እንደ መጠለያ አይቁጠሯቸው። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ለሴቶችም ክፍት ነው።

ውኃ

ምግብ ይቀንሱ፣ የውኃ መያዣ ግን አይቀንሱ። በፀሐይ የሚቀዝፍ ሰው በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል፤ ከ10 ሊትር የማያንስ መያዣ በሁለትና በሦስት ተከፋፍሎ ይኑርዎት፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል።

በውኃ ተከቦ ውኃ መሸከም ሞኝነት ይመስላል፤ የጣና ውኃ ግን ደፍርሶ ነው የሚገኘው፣ በተለይ ወንዞች በሚገቡበት አካባቢ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ማታ በባልዲ ወይም በትልቅ መያዣ ቀድተው ያሳድሩት፤ ጠዋት የጠለለውን ብቻ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ያጥልሉ፤ ከዚያ አፍልተው ያቀዝቅዙት፣ ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለ የማከሚያ መድኃኒት በመመሪያው መጠን ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ደፍራሽ ውኃ ላይ መድኃኒቱ ኃይሉ ስለሚቀንስ ማጥለሉን አይዝለሉት። በመንደር የእጅ ፓምፕ ካለ ከሐይቁ ይልቅ እርሱን ይምረጡ።

ስለ ቢልሃርዚያም ማወቅ ያስፈልጋል፤ በጣና ዳርቻ አለ። ትሉ የሚራባው ሣርና ቅጠል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ስለዚህ ሲገቡም ሲወጡም ድንጋያማ ወይም አሸዋማ፣ ሣር የሌለበት ቦታ ይምረጡ፤ የጎማ ቦት ጫማ ያድርጉ፤ በቀትር ዳርቻ ላይ ቆመው አይታጠቡ። ከጉዞው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድነዋል። አካባቢው የወባም ስለሆነ አጎበር ከድንኳን ጋር እኩል አስፈላጊ ነው።

አጫጫንና አቀዛዘፍ

በቅሎ የሚጭን ሰው ሁለቱን ወገን እንደሚያመዛዝነው ካያክም ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ከባዱ ነገር፣ ማለትም ውኃው፣ ከመቀመጫው ወዲያው ኋላና ፊት ወለሉ ላይ ይቀመጥ፤ ቀላሉ፣ ድንኳንና ልብስ፣ ወደ ጫፎቹ ይሂድ። ከላይ የሚታሰር ነገር ባይኖር ይመረጣል፤ ነፋስ ይይዘዋል። ጭነው ሲጨርሱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ያንሳፍፉትና ያጋደለበትን ወገን ያስተካክሉ።

ቅዝፊያው በክንድ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ትከሻዎ ይቆማል። ጉልበቱ የሚመጣው ወገብን ከማዞር ነው፦ መቅዘፊያው እግር ጣቶች አጠገብ ውኃ ውስጥ ይግባ፤ ሰውነት ይዙር፤ ዳሌ አጠገብ ሲደርስ ይውጣ። ከዳሌ ኋላ የሚጎተት ውኃ ካያኩን ያዞረዋል እንጂ ወደፊት አይወስደውም። በግራ ሲቀዝፉ የግራ እግር ይግፋ፣ በቀኝ ሲቀዝፉ የቀኝ። ጨበጣዎ የላላ ይሁን፤ መዳፍ የሚላጠው አጥብቆ በመያዝ ነው። በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ አርፈው ይጠጡ፣ ጥቂት ቆሎ ይቆርጥሙ።

ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ የሚነሳ ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ካያክ አንዱን ሳይወርድ ሌላው ይመጣበታል። ከጎን እንዲመታዎት አይፍቀዱ። አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ ገደድ አድርገው ይምሩና አጫጭር፣ ፈጣን ቅዝፊያ ይቅዘፉ፤ መቅዘፍ ያቆመ ሰው ሚዛኑም ይቆምበታል። ወደ ሰሜን ስለሚጓዙ የሐይቁ ነፋስ ከተነሳ ከፊትዎ ወይም ከቀኝ ጎንዎ ይመታል፤ ለአንድ ሰዓት ከመታገል ወደ ቅርቡ ዳርቻ ወጥቶ ማደር ይሻላል። ጠዋት ላይ ደግሞ ከየብስ ወደ ውኃ የሚነፍስ ቀላል አየር ሊኖር ይችላል። ዳርቻው አጠገብ ስለማይሰማ ያታልላል፤ ሳያውቁት ወደ መሃል ይወስዳል። ከዳርቻው ከ300 ሜትር በላይ አይራቁ።

ይህን ሁሉ የሐይቁ ታንኳ ነጂዎች ያለ መመሪያ ያውቁታል። ከደንገል በታሰረች ታንኳ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚመጡትን ሰዎች ቀና ብለው ሰላምታ ይስጡና የቀኑን ነፋስ ይጠይቁ። የሚሰጡት መልስ ስልክዎ ላይ ካለው የአየር ትንበያ ለዚያ ወሽመጥ የቀረበ ነው።

ጉማሬ፣ መረብ፣ እምቦጭ

ጉማሬ ዓባይ በሚወጣበት አካባቢና ወንዞች በሚገቡበት ደንገላማ ስፍራ ይገኛል። ካዩት ሰፊ ዙሪያ ይስጡት፤ በእርሱና በጥልቁ ውኃ መካከል ግን ፈጽሞ አይግቡ፤ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ነው። ከእይታ ከተሰወረ ቆመው ይጠብቁ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለመተንፈስ ብቅ ይላል። ደንገል ጥግ ሲያልፉ የካያኩን ጎን በመቅዘፊያ እጀታ ቀስ ብለው ይምቱ፤ መኖርዎን ይወቅ። ለማደሪያ ቦታ ሲመርጡ መሬቱን ይዩ፦ መሃሉ ሣር ሆኖ ግራና ቀኙ ሁለት ቦይ የመሰለ መንገድ ከውኃው የሚወጣ ከሆነ የጉማሬ የሌሊት መንገድ ነው።

ተንሳፋፊ የውኃ ጠርሙሶች በመስመር ካዩ ከሥራቸው መረብ አለ። የካያኩን መሪ አንስተው በሁለት ጠርሙሶች መካከል በቀስታ ይለፉ። ዓሣ አስጋሪው ቅርብ ከሆነ አንድ ቆሮሶ ይግዙት፤ ለማታ ጥብስ ከዚህ የተሻለ አያገኙም።

እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም በጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ይበልጥ የሚያስቸግረው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል፣ በደንቢያና በፎገራ ዳርቻ ነው። ይህ መንገድ በምዕራብ የሚሄድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። እንደ ምንጣፍ የተነጠፈውን አረም ነፋስ ስለሚያንቀሳቅሰው ጠዋት ክፍት የነበረ ወሽመጥ ማታ ሊዘጋ ይችላል። በመሃሉ ሰንጥቄ አልፋለሁ አይበሉ፤ ዙሪያውን ይሂዱ።

ማደሪያና መሙያ ቦታዎች

ባሕር ዳር – ዘጌ። አጭር ጠዋት ነው፤ ጭነቱን መሞከሪያ ያድርጉት። አፋፍ በምትባለው የዘጌ መንደር ሱቅና ምግብ ቤት አለ። በዘጌ ማረስ በልማድ የተከለከለ ስለሆነ ምድሩ ቡናና ጌሾ እንጂ እህል አይሰጥም፤ እህሉ ከውጭ ገብቶ ስለሚሸጥ ዱቄትና ቆሎ ከባሕር ዳር ይዘው ይምጡ፣ እዚህ የሚሞሉት ቡናና ሎሚ ነው።

ዘጌ – ቁንዝላ። ከሁሉም ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ሁለት ጠዋት ይፈልጋል። መሃሉ ላይ ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ደለላማ፣ ደንገላማ ስፍራ አለ፤ ውኃው ደፍራሽ፣ መውጫው ጭቃ፣ ጉማሬም የሚጠበቅበት ነው። ከዘጌ ሲነሱ መያዣዎችዎ ሁሉ ሞልተው ይሁኑ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ከወንዙ አፍ በፊት ደረቅ መሬት ላይ ይደሩና አፉን በማለዳ፣ ከደንገሉ ራቅ ብለው ይለፉ። ከዳርቻው 300 ሜትር የሚለው ደንብ የሚላላው እዚህ ብቻ ነው። ቁንዝላ ላይ ሙሉ ስንቅ ይሞላል፤ አንድ ቀን ማረፍም ይገባል። በዚያው አካባቢ ከጣና ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ ውኃ የሚወስድ መግቢያ አለ፤ ማንኛውም የግንባታ አካል ሲያዩ ራቅ ብለው ይለፉ።

ቁንዝላ – ደልጊ። ሁለት ጠዋት። ዳርቻው ላይ ቤቶች አሉ፣ ሱቅ ግን አይቁጠሩ።

ደልጊ – ጎርጎራ። ጎበዝ ቀዛፊ በአንድ ረጅም ጠዋት ይጨርሰዋል። እኔ ግን ለሁለት ከፍሎ መሄድን እመርጣለሁ፤ በመጨረሻው ቀን መድረሻው ሲታይ ሰው የ5 ሰዓቱን ደንብ የሚጥሰው እዚህ ነው።

ቢገለበጡ

ይህን ባሕር ዳር ሳሉ፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ፣ ሳያስቡት እስኪሠሩት ድረስ ይለማመዱ።

1. ካያኩንና መቅዘፊያውን አይልቀቁ። ባዶ ካያክን ነፋስ ከዋናተኛ በላይ ያፈጥነዋል።
2. ከነፋሱ አቅጣጫ ሆነው ካያኩን በአንድ ጊዜ ገፋ አድርገው መልሰው ይገልብጡት፤ ቀስ ካሉ ውኃ ይሞላል።
3. በአየር የሚነፋውን የመቅዘፊያ መንሳፈፊያ (ጃኬቱን አይደለም) በመቅዘፊያው አንድ ጫፍ ያጥልቁ፤ ሌላውን ጫፍ ከመቀመጫው ኋላ በኩል ካያኩ ላይ አስተኝተው ይያዙት።
4. እግርዎን መቅዘፊያው ላይ አድርገው በሆድዎ ካያኩ ጀርባ ላይ ይውጡ፤ እግሮችዎን ወደ ውስጥ ያስገቡና ክብደትዎን መንሳፈፊያው ወዳለበት ወገን አድርገው ይዙሩ።
5. ውኃውን በእጅ ፓምፕ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ያውጡ፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ዳርቻ።

ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልሆነ ካያኩን እንደያዙ ፉጨት ይንፉ፤ ፉጨቱ ጃኬቱ ላይ የታሰረ ይሁን። ስልኩም ካያኩ ውስጥ ሳይሆን በእርስዎ ላይ፣ ውኃ በማያስገባ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ጎርጎራ ሲደርሱ

ካያኩን ከውኃው አውጥተው ይገልብጡት፤ ከመሪው፣ ከገመዱና ከዕቃ ክፍሉ ውስጥ የእምቦጭ ሥርና ቅጠል ካለ ለቅመው ደረቅ መሬት ላይ ይጣሉት። ትንሽ ቁራጭ ሌላ ውኃ ውስጥ ብትገባ ትራባለች። ሙሉ ቀን በፀሐይ ያድርቁት። ከጎርጎራ እስከ ጎንደር በቆላ ድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ ታጥፎ የሚታሰር ካያክ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ደንዳናው ግን የጭነት መኪና ይፈልጋል፤ ለእርሱ ዋጋውን ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ይጨርሱ።